«መደበኛ» ክረምት፣ ሁለት ጊዜ የተዘራ ማሳ

ሰንጠረዡ ላይ የተጻፈው ቃል አንድ ነው፦ «መደበኛ»። ከሰኔ እስከ መስከረም የዘነበው ተደምሮ፣ ከ30 ዓመት አማካይ ጋር ተነጻጽሮ፣ መቶ ፐርሰንት አካባቢ ሆኖ «መደበኛ» ተብሏል። እዚያው ወረዳ ያለ ገበሬ ግን በዚያው ክረምት ሁለት ጊዜ ዘርቷል። የመጀመሪያው ዘር በቅሎ ደረቀ፤ ሁለተኛውን ዘር ከጎረቤት ተበደረ። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ነገር ይሄ ነው። ቁጥሩ አልተሳሳተም፣ ገበሬውም አላጋነነም። ታዲያ መሃል ላይ የጠፋው ምንድን ነው?

ለሥራው ቅርብ የሆነ ሰው «ስርጭቱ ነው» ይላል። ልክ ነው፤ ግን «ስርጭት» ማለት ለነገሩ ስም ማውጣት እንጂ መለካት አይደለም። ከዕለታዊ የዝናብና የሙቀት መዝገብ ተነስቶ ለጤፉ፣ ለቡናው ተባይ ወይም ለወባ ትንኟ ትርጉም ያለው ቁጥር ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሚከብደውም ሒሳቡ አይደለም። ከሒሳቡ በፊት ማንም ሳያያቸው የሚያልፉት ጥቃቅን ውሳኔዎች ናቸው የሚከብዱት። የወር ድምር ይዞ የዘር ወቅትን መመርመርማ ያው ነው፤ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

አገባቡን በቁጥር መንገር

በሬዲዮ «የክረምቱ ዝናብ አገባብና አወጣጥ» ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ኮምፒውተር ግን አገባብ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ በቁጥር ሊነገረው ይገባል። በእኛ አካባቢ በብዛት የሚሠራበት ትርጉም እንዲህ ይላል፦ ከተወሰነ መነሻ ቀን በኋላ፣ በሦስት ተከታታይ ቀናት ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከዘነበ፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ደግሞ 10 ቀን የሚደርስ ደረቅ ጊዜ ካልመጣ፣ ዝናቡ ገብቷል። ደረቁን ጊዜ 7 ቀን የሚያደርጉም አሉ። 20 ሚሊ ሜትሩ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ የደረቀውን የላይኛ አፈር አርሶ ከዘሩ በታች ጥቂት እርጥበት የሚተርፍበት መጠን ነው። ጤፍ አፈር ላይ ነው የሚበተነው፣ በቆሎ ግን ጠለቅ ብሎ ይገባል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ለሁለቱ አንድ መሆን የለበትም።

መነሻ ቀኑም እንዲሁ ነው። ወሎና ሐረርጌ በልግ ላይ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አለ። መነሻውን ሰኔ 1 ካደረግነው ኮዱ የእሱን ወቅት ከነጭራሹ አያየውም። መነሻውን መጋቢት ላይ ካደረግነው ደግሞ ጤፍ በሚዘራበት ደጋ የበልጉን ካፊያ «ክረምት ገባ» ብሎ ይመዘግበዋል። አንድ ቀመር ለመላው ኢትዮጵያ ያሠራል የሚለኝን ሰው አላምነውም።

አሁን አንድ ምሳሌ ቀርበን እንይ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተሠሩ ናቸው። ሰኔ 10 ቀን 9.2 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ሰኔ 11 ምንም የለም። ሰኔ 12 ቀን 13.4 ዘነበ። ሦስቱ ቀን ሲደመር 22.6 ነው፤ ከ20 አልፏል። ገበሬው ሰማዩን አየ፣ አፈሩን በእጁ ጨበጠ፣ ዘራ። ከሰኔ 13 ጀምሮ ሰማዩ ተዘጋ። ሰኔ 15 ላይ 0.4፣ ሰኔ 17 ላይ 0.6 ጠብ ጠብ አለ፤ ሌላው ዜሮ ነው። እስከ ሰኔ 23 ድረስ 11 ቀን። ሰኔ 24 ላይ 6.1፣ ሰኔ 25 ላይ 17.3 መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሳያቋርጥ ወረደ፣ ሐምሌና ነሐሴም ጥሩ ነበሩ። የክረምቱ ድምር ምንም አልጎደለም።

ቀመሩን በዚህ መዝገብ ላይ ስናስኬደው ሰኔ 12ን ይጥለዋል፤ ምክንያቱም ከኋላው የ11 ቀን ድርቅ አለ። ሰኔ 25ን ይይዝና «አገባብ፦ ሰኔ 25» ብሎ ይጽፋል። ያችን «በ30 ቀን ውስጥ ደረቅ ጊዜ ካልመጣ» የምትለዋን ሐረግ ለረጅም ጊዜ ማጣሪያ አድርጌ ነው የማያት፤ ሐሰተኛውን ጅምር አስወግዳ እውነተኛውን የምታስቀር ወንፊት። ነገሩ የተገለበጠብኝ አንድ ቀላል ጥያቄ ሲመጣ ነው። ሰኔ 12 ማታ ቀጣዩን 30 ቀን ማን ያውቃል? ቀመሩ የሚያውቀው መዝገቡ ተጠናቆ ከእጁ ስለገባ ነው። ገበሬው የሚያውቀው የሦስቱን ቀን ዝናብ ብቻ ነው። እኛ «ሐሰተኛ» ብለን ያስወገድነው ቀን እሱ ዘሩን የጣለበት ቀን ነው። ወንፊቱ ላይ የቀረው ገለባ አልነበረም፤ ጉዳቱ ራሱ ነበር።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ በገበሬው መፍረድ ይቀላል። ግን እሱ አልቸኮለም፤ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ቢዘራ ደግሞ ሰብሉ ሳይደርስ ዝናቡ ይወጣበታል። ስለዚህ አሁን የምመክረው አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ቀን ማውጣት ነው። አንደኛው ያለ ምንም የወደፊት ሁኔታ የተሰላ የመጀመሪያው የዘር ዕድል፣ ሁለተኛው ከነሁኔታው የተሰላው አገባብ። ሁለቱ ሲገጥሙ ጅምሩ ጥሩ ነው። ሲለያዩ ልዩነቱ ራሱ መለኪያ ነው፤ በምሳሌው 13 ቀን። በ30 ዓመት መዝገብ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተለያዩ መቁጠር ደግሞ ለዘር አቅርቦት ለሚያቅድ ሰው ከድምሩ በላይ ይነግረዋል።

0.4 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው?

ወደ ሰኔ 15ና 17 እንመለስ። እነዚያ 0.4 እና 0.6 ዝናብ ናቸው ወይስ አይደሉም? ዝናባማ ቀን የሚባለው 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው ካልን፣ ደረቁ ጊዜ ከሰኔ 13 እስከ 23 ሳይቆረጥ 11 ቀን ይሆናል። መስፈሪያው ላይ የታየ ማንኛውም ጠብታ፣ ማለትም 0.1 እና ከዚያ በላይ፣ ዝናብ ነው ካልን ግን ያው ድርቅ በሦስት ይቆራረጣል፤ 2 ቀን፣ 1 ቀን፣ 6 ቀን። ረጅሙ 6 ይሆንና ቀመሩ ሰኔ 12ን ያጸድቀዋል። አንድ የነጥብ ቦታ በመቀየር ብቻ የጠፋው ማሳ «የተሳካ ጅምር» ሆነ።

አካላዊው መልስ ግልጽ ነው። በሰኔ ፀሐይ ከእርጥብ አፈርና ከቅጠል በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ይተናል። 0.4 ሚሊ ሜትር ሥር ሳይደርስ፣ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ያልቃል። ስለዚህ ለሰብል 1 ሚሊ ሜትር ወይም 0.85 ይሻላል። ለተባይና ለበሽታ ግን ሌላ ነው። ለስንዴ ዋግ የሚያስፈልገው ቅጠሉ ለሰዓታት ረጥቦ እንዲቆይ ነው እንጂ አፈሩ እንዲርስ አይደለም፤ እዚያ ላይ ያቺ ካፊያ፣ ሌላው ቀርቶ ጤዛም፣ ትቆጠራለች። ያው ጠብታ ለአንዱ ምንም፣ ለሌላው ሁሉም ነገር ነው።

ይህ ጉዳይ መረጃው ከጣቢያ ሳይሆን ከሞዴል ሲመጣ ይብሳል። ኢራ-5 የሚባለው የአውሮፓ የዳግም ትንተና መረጃ፣ ማለትም የቆዩ ምልከታዎችን ከኮምፒውተር ሞዴል ጋር አዋሕዶ ያለፈውን አየር መልሶ የሚያሰላው፣ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ሣጥኖች ነው የሚሠራው። በአንድ ሣጥን ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የወረደው ዶፍ ለሁሉም ሲካፈል ካፊያ ይሆናል። ውጤቱ ዝናባማ ቀን የበዛበት፣ ደረቅ ጊዜ ያጠረበት ክረምት ነው። ከሳተላይትና ከጣቢያ ተቀናብሮ የሚሠራው ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ ሣጥኑ ጠበብ ያለ ነው፣ 0.05 ዲግሪ (5 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮም አለ፤ ግን መጀመሪያ የሚሰላው በአምስት አምስት ቀን ድምር ሆኖ በኋላ ለቀናቱ ስለሚከፋፈል፣ በየትኛው ቀን ዘነበ ለሚለው ጥያቄ አጥብቄ አልይዘውም። ለወር ድምር ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ለደረቅ ጊዜ ግን አጠገብ ካለ ጣቢያ ጋር ሳይፈተኑ አይታመኑም። ፈተናው ቀላል ነው። የጣቢያውን ዝናባማ ቀናት ቁጥር በ1 ሚሊ ሜትር ቆጥሮ፣ ሞዴሉ ያንኑ ቁጥር የሚሰጠው በስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ መፈለግ። 2 ወይም 3 ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ በሞዴሉ ላይ ደረቅ ቀን የሚቆጠረው በዚያ ቁጥር ነው።

ቀኑ ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ከሁሉ በፊት የሚታየው የመዝገቡ ጤና ነው፤ ብዙ ጥናት የሚበላሽበትም እዚህ ነው።

የጣቢያ ዝናብ የሚለካው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መስፈሪያው ውስጥ የተገኘው ውኃ አብዛኛው ሰኞ ከሰዓት በኋላ የዘነበ ነው። መዝገቡ ላይ ግን ማክሰኞ ሊባል ይችላል። የሳተላይቱና የሞዴሉ ቀን ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚቆጠር በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ያንኑ ዝናብ ሰኞ ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለቱን እየለጠፉ ክፍተት መሙላት ሲጀመር አንዱ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይዘንባል። የሰኞው 13.4 ከሳተላይት፣ የማክሰኞው 13.4 ከጣቢያ፣ ድምሩ 26.8 ሆኖ ያልገባ ክረምት ገባ ይባላል። መፍትሔው ሁለቱን ተከታታይ መዝገቦች አንድ ቀን ወደ ፊት፣ አንድ ቀን ወደ ኋላ እያንሸራተቱ የትኛው ላይ በደንብ እንደሚገጥሙ ማየት ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ግን ሲዘለል ነው የማየው።

ከኢራ-5 ቤተሰብ «ላንድ» የሚባለው 9 ኪሎ ሜትሩ መረጃ ሌላ ወጥመድ አለው። የየሰዓቱ ዝናብ የሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ከቀኑ መጀመሪያ ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። ሃያ አራቱን ሰዓት የደመረ ሰው ዝናቡን ብዙ እጥፍ አድርጎ ያገኘዋል። የቀኑ ሙሉ ድምር ያለው በማግስቱ ዜሮ ሰዓት ላይ በተጻፈችው አንዲት ቁጥር ነው፤ መለኪያዋም ሜትር ስለሆነ በ1000 ትባዛለች።

ከዚህ ሌላ የተለመዱት አሉ። −99.9 ተብሎ የተጻፈ የጎደለ ቀን እንደ ሙቀት ሲቆጠር፣ ነጥብ ተዘልላ 13.4 ሳይሆን 134 ሲሆን፣ ዝቅተኛው ሙቀት ከከፍተኛው ሲበልጥ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ባዶ ቦታ ዜሮ ሲሆን ነው፤ ንባብ ያልተወሰደበት ሳምንት በቀጥታ ድርቅ ይሆናል። የወር ድምር የጎደለችውን ቀን ይታገሣል፣ ደረቅ ጊዜ ግን አይታገሥም። 9 ደረቅ ቀን፣ አንድ የጎደለ ቀን፣ ከዚያ 8 ደረቅ ቀን ቢኖር መልሱ 9 ነው ወይስ 18? አይታወቅም፤ ስለዚህ «አይታወቅም» ተብሎ ነው መጻፍ ያለበት። ጽንፍን፣ ማለትም ከወትሮው እጅግ የወጣ ሙቀትና ዝናብን፣ በሚለኩት ዓለም አቀፍ መለኪያዎች አሠራር በወር ከ3 ቀን በላይ፣ በዓመት ከ15 ቀን በላይ ከጎደለ መለኪያው አይሰላም። ጠንከር ያለ ይመስላል፤ ለአገባብ ስሌት እንዲያውም ላላ ያለ ነው።

ዓመቱ የሚቆረጥበት ቦታም የዚሁ ዘመድ ነው። ከነዚያ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች አንዱ «በዓመት ውስጥ ረጅሙ ተከታታይ ደረቅ ቀን» ነው። በእኛ ደጋ ይህ የሚለካው በጋን ነው! ከኅዳር ወዲያ ማሳው ላይ አብዛኛው ሰብል ታጭዶ ነዶ ሆኗል፤ በጋ ረዘመ አጠረ ለጤፉ ምኑም አይደለም። ይባስ ብሎ ዓመቱን በፈረንጆች ጥር 1 ላይ የሚቆርጥ ኮድ በጋውን ለሁለት ይከፍለዋል። በመስከረም 1 ብንቆርጥስ? ያኔ ደግሞ የሚቆረጠው የክረምቱ ጅራት ነው፣ ሰብሉ ውኃ በሚፈልግበት ሰዓት። ስለ ክረምት ለሚጠይቅ ዓመቱን በጋ መሃል፣ ስለ በጋ ግጦሽ ለሚጠይቅ ክረምት መሃል መቁረጥ ነው የሚያዋጣው። ለሕይወታዊ ዝርያዎች ስርጭት ጥናት የሚውሉት ከወር ሙቀትና ዝናብ የሚወጡት 19ኙ የባዮክሊም መለኪያዎችም እንዲሁ በጥንቃቄ ይያዙ። «በጣም ሞቃቱ ሦስት ወር» ሲባል አውሮፓ ውስጥ ነገር ሁሉ የሚለመልምበት በጋቸው ነው፤ እኛ ደጋ ላይ ግን ክረምት ከመግባቱ በፊት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። «በጣም እርጥቡ ሦስት ወር» ደግሞ በልግና ክረምት ተቀራራቢ በሆኑበት አካባቢ ከአንዱ ሣጥን ወደ ጎረቤቱ ሲሻገር ከሚያዝያ ወደ ነሐሴ ይዘላል፤ ካርታው ላይ በተፈጥሮ የሌለ ድንበር ይሠራል።

አወጣጡ ላይ ብዙ አልቆይም። ባጭሩ፦ አፈሩን እንደ ባልዲ ማሰብ ነው። 100 ሚሊ ሜትር የሚይዝ አፈር ሞልቶ ዝናቡ ቢቆም፣ በቀን 5 እየጠፋ 20 ቀን ያቆያል፤ 60 የሚይዝ ስስ አፈር 12 ቀን ብቻ። ባልዲው ባዶ የሆነበት ቀን ወቅቱ የወጣበት ቀን ነው። ጥቁር አፈር ላይ ዝናብ ካቆመ በኋላ የሚዘራውን ሽምብራ ዝናብን ብቻ በሚያይ መለኪያ ብንመዝነው ዕድሜውን ሙሉ ድርቅ ውስጥ ያደገ ይመስላል።

አማካዩ ዜሮ ሲል ጢንዚዛዋ ታድጋለች

ሙቀት ላይ ያለው ስሕተት ከዝናቡ ይልቅ ዝምተኛ ነው። የቡና ፍሬን የምትበሳው ትንሿ ጥቁር ጢንዚዛ በቤተ ሙከራ ስትለካ ዕድገቷ የሚጀምረው 14.9 ዲግሪ ላይ፣ የሚቆመው 32 ላይ ሆኖ ተገኝቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ይኸው ጥናት የጅማን የ32 ዓመት መዝገብ ወስዶ ሲያሰላ፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. በፊት ብርዱ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ እንድትጨርስ አያስችላትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ እስከ ሁለት ትውልድ መጨረስ ችላለች። አንድ የጣቢያ ሙቀት መዝገብ ወደ ትውልድ ቁጥር ሲቀየር እንዲህ ይናገራል። «ሙቀት በዚህን ያህል ነጥብ ጨመረ» ከሚለው ጋር አይወዳደርም።

ስሌቱ የሚቆመው ዲግሪ-ቀን በሚባለው ነገር ላይ ነው፤ የቀኑ አማካይ ሙቀት ዕድገት ከሚጀምርበት መነሻ በስንት እንደበለጠ ቀን በቀን ማጠራቀም። አሁን አንድ የደጋ ቀን እንውሰድ፦ ዝቅተኛው 6፣ ከፍተኛው 22። አማካዩ 14 ነው፣ ከ14.9 በታች። ስለዚህ ዜሮ ዲግሪ-ቀን። መቶ እንዲህ ያሉ ቀኖች ቢደመሩም ዜሮ። ግን ከቀትር በኋላ እኮ ሙቀቱ 22 ገብቷል! ሙቀቱ ከሌሊት እስከ ቀትር እንደ ማዕበል ይወጣል ይወርዳል ብለን ከመስመሩ በላይ ያለውን ብቻ ስናሰላ ያው ቀን 2.1 ዲግሪ-ቀን ይሰጣል። በመቶ ቀን 211 ነው። ዝቅተኛው 10፣ ከፍተኛው 24 በሆነ ቀን ደግሞ በአማካይ 2.1፣ በማዕበሉ ግን 3.4 ይሆናል። ልዩነቱ የሚሰፋው ሙቀቱ መነሻው አካባቢ ሲሆን ነው። የእኛ ደጋ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ እዚያው መስመር ላይ ነው የሚኖረው።

ታዲያ ሁልጊዜ ማዕበሉ ይሻላል? እንደዚያ ብዬ መደምደም አልፈልግም። 14.9 የሚለው ቁጥር ራሱ የተገኘው ነፍሳቱ በማይለዋወጥ ሙቀት ተይዘው ነው። መነሻው በአንድ ዘዴ ተለክቶ ድምሩ በሌላ ዘዴ ቢሠራ ሁለቱ ላይነጋገሩ ይችላሉ። ቢያንስ ግን በየትኛው እንደተሠራ መጻፍ፣ ሁለቱንም አስልቶ ልዩነቱን ማሳየት ግድ ነው። ጣቢያው ሜዳ ላይ ቆሞ ቡናው ግን ዋንዛና ብርብራ ጥላ ሥር እንዳለም አይረሳ፤ ጥላው የቀትሩን ሙቀት ይቀንሳል፣ ማዕበሉን ያለዝበዋል።

ሁለት ዲግሪ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ወባን ማሰብ ይበቃል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ በትንኟ ውስጥ ለመብሰል ከ16 ዲግሪ በላይ 111 ዲግሪ-ቀን ያስፈልገዋል። አማካዩ 25 በሆነበት ቆላ 12 ቀን ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ 28 ቀን ይጠጋል። በ18 ዲግሪ 55 ቀን ያልፋል። ከትንኞቹ በየቀኑ ከአሥር ዘጠኙ በሕይወት ያድራሉ ብንል፣ ተውሳኩ እስኪበስል የምትቆየው በ20 ዲግሪ ከመቶ 5 ያህሉ፣ በ18 ዲግሪ ከሺህ 3 ያህሉ ናት። ሁለት ዲግሪ፣ ከ18 እጥፍ በላይ። በ1958 እ.ኤ.አ. በደጋማው ኢትዮጵያ የተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳሳመመና 150,000 እንደገደለ የተገመተው፣ ወትሮ ወባ የማያውቃቸው ከፍታዎች ላይ ዝናብና ሙቀት የተለየ በሆነበት ዓመት ነው። ሰኔና ሰኞ ገጥመውበት። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም በደብረ ዘይት አካባቢ በሞቃት ዓመታት ሕመሙ ወደ ላይኛው ከፍታ እንደሚወጣ አሳይቷል።

እንዲህ ባለ ስሌት ላይ የሣጥኑ ከፍታ ቀልድ አይደለም። የሞዴሉ ሣጥን አማካይ ከፍታው 1,700 ሜትር ሆኖ መንደሩ 2,300 ላይ ቢሆን፣ በየመቶ ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ሲቀነስ 3.9 ዲግሪ ልዩነት ይመጣል። ይህን ሳያስተካክሉ 111ን ማካፈል የዓባይን ሸለቆ ወባ ደጋው ላይ ማስፈር ነው። ማስተካከያው ግን ለቀኑ ሙቀት እንጂ ለሌሊቱ ሁልጊዜ አይሠራም። ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወርዶ ረባዳው ሜዳ ላይ ይተኛል፣ ከኮረብታው ይልቅ ታች ይበርዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ባቄላና ገብስ የሚያቃጥለው ውርጭም የሚመጣው እንዲህ ነው። በተጨማሪ ቴርሞሜትሩ ያለው ከሰው ደረት ከፍታ አካባቢ በሣጥን ውስጥ ነው። እዚያ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲነበብ ቅጠሉ ላይ ዜሮ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከዜሮ በታች የወረደባቸው ቀናት» የሚለው የተለመደ መለኪያ ብዙ የውርጭ ሌሊቶችን ያልፋቸዋል፤ መስመሩን 2 ወይም 3 ላይ አድርጎ ገበሬው ከሚያስታውሳቸው ሌሊቶች ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ብርቅ እና ጎጂ

ሁለት ዓይነት ጽንፍ አለ፤ ሲደባለቁ አያለሁ። አንደኛው ብርቅ የሆነ ነው፦ ለዚያ ቀን ከተለመደው ከመቶ ዘጠና እጅ የበለጠ ሙቀት። የሚሰላው ለእያንዳንዱ የዓመቱ ቀን ከግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ቀን ተጨምሮ፣ 5 ቀን በ30 ዓመት፣ ከ150 ቁጥሮች ነው። ማነጻጸሪያው ዘመን 1961–1990 እ.ኤ.አ. ከሆነ 1990 እና 1991 መካከል የሐሰት ዝላይ እንዳይፈጠር የተለየ ዘዴ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ዘመን ውስጥ ያሉት ዓመታት ራሳቸውን በራሳቸው መለኪያ ስለሚመዝኑ። ሁለተኛው ጎጂ የሆነ ነው፦ የአንድን ፍጡር አካል የሚነካ መስመር። እኛ አገር ከቀን ወደ ቀን ሙቀት ብዙ አይዋዥቅም። ነሐሴ ላይ ዘጠናኛው መቶኛ ከአማካዩ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ይበልጣል፤ «የሙቀት ጽንፍ» የተባለው ቀን ደመናው የገለጠበት፣ ሰብሉ ፀሐይ ያገኘበት መልካም ቀን ሊሆን ይችላል።

በጎጂው በኩል ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በቆሎ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ20,000 በላይ የአፍሪካ የበቆሎ ሙከራዎችን የመረመረ ጥናት፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ያለፈች እያንዳንዷ ዲግሪ-ቀን ምርቱን በ1 ፐርሰንት፣ በድርቅ ጊዜ በ1.7 ፐርሰንት እንደምትቀንስ አገኘ። ልብ በሉ፦ ያው 30 ዲግሪ ውኃ ባለበትና በሌለበት አንድ አይደለም። ሙቀትና ድርቅን በተለያየ ዓምድ ቆጥሮ ኋላ መደመር ያንን አያሳይም፤ በአንድ ላይ የገጠሙባቸው ቀናት ለብቻቸው መቆጠር አለባቸው።

ወቅቱም እንዲሁ ምልክቱን ይገለብጠዋል። 15 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሐምሌ ላይ ለጤፍ በረከት ነው፤ ኅዳር ላይ ነዶው ሜዳ ላይ ሳለ ኪሳራ ነው። በዓመት ድምር ውስጥ ሁለቱም በመደመር ምልክት ገብተዋል። የጉዳቱን መስኮት ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ብቻ ማሰር አይበቃም። የዘሩ ቀን ከአገባቡ ይወጣል፣ የማበቡ ቀን ከዘሩ ቀን ተነስቶ በዲግሪ-ቀን ይገኛል፣ የጉዳቱ መስኮት በዚያ ላይ ይቀመጣል። የሰኔ 12 እና የሰኔ 25 ጉዳይ እዚህ ነው የሚመለሰው፤ መጀመሪያ ላይ የተሳሳተ 13 ቀን እስከ አጨዳ ድረስ አብሮ ይሄዳል።

እንዲህ እያሉ መለኪያ ማብዛት ግን የራሱ በሽታ አለው። ኮዱ አንዴ ከተጻፈ 200 መለኪያ ማውጣት ቀላል ነው። ከ15 ዓመት ምርት ጋር ሲገናኙ፣ ምንም ግንኙነት ባይኖር እንኳ በአጋጣሚ ብቻ ከመቶ አምስቱን በሚያሳልፈው በተለመደው የ5 ፐርሰንት ሚዛን አሥር ያህሉ «ይዛመዳሉ»። ከዚያ አንዱን መርጦ ታሪክ መጻፍ ደግሞ ለማንም አይከብድም። እኔ የምመርጠው ከተክሉ ጥያቄ ተነስቶ አምስት ወይም ስድስት መለኪያ አስቀድሞ ጽፎ፣ ከዚያ መስመሩን ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው። 20ውን ወደ 15ና 25፣ 10ሩን ወደ 7፣ 1ዱን ወደ 2 አድርጎ መልሱ ከተገለበጠ፣ መልሱ የአየሩ ሳይሆን የእኛ ነበር ማለት ነው።

ያችን «መደበኛ» የምትል ዓምድ አላጠፋትም፤ ለግድብና ለጉድጓድ ውኃ ታገለግላለች። በምሳሌው ክረምት ላይ ግን ከጎኗ አራት ዓምዶች እጨምራለሁ። የመጀመሪያ የዘር ዕድል፦ ሰኔ 12። ከዚያ በኋላ ረጅሙ ደረቅ ጊዜ፦ 11 ቀን። አገባብ፦ ሰኔ 25። ከሰኔ 12 በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ ንባብ የጎደለበት ቀን፦ 0።